ሁለት ጊዜ የተለፈፈ ሞት

ቀራንዮ ውስጥ ሰው ሞተ የሚባለው ሲሞት አይደለም፤ ዱባለ ሲለፍፈው ነው። ሐኪም ቢያረጋግጥ፣ ቄስ ቢፈታ፣ ቤተሰብ ደረቱን ቢደቃ፣ የእድሩ ጡሩምባ እስካልተነፋ ድረስ ሰፈሩ ነጠላውን አያዘቀዝቅም። ዱባለ ጎህ ሲቀድ ይነሳል፣ ካፖርቱን ይደርባል፣ ከመድኃኔዓለም አጥር ጀምሮ በየመታጠፊያው ቆሞ ይነፋና ከዚያ ቀጭን ሰውነት ይወጣል ተብሎ በማይጠበቅ ድምፅ፣ «እድርተኞች! የአቶ እገሌ ባለቤት ወይዘሮ እገሊት አርፈዋል! ቀብር ስድስት ሰዓት፣ መድኃኔዓለም! የቀረ ይቀጣል!» ይላል። በአንድ ወቅት ዘመናዊ እንሁን ያሉ ወጣቶች የቴሌግራም ግሩፕ ከፍተው ነበር። ከአንድ አዛውንት የሞት ማስታወቂያ ሥር አንዱ በስሕተት የሚስቅ ፊት ሲለጥፍ የእድሩ ዳኛ ጋሽ አምሐ «ጡሩምባችን ቢያንስ አይስቅም!» አሉና ነገሩ በዚያው ቀረ።

ዱባለ ትልቅ ሰው አይደለም። በወጣትነቱ ከሞጣ መጥቶ፣ አየር ጤና አንድ ጋራዥ ውስጥ በጥበቃነት ያረጀ፣ ከባለመኪኖች ሰላምታ በቀር ብዙም የማይደርሰው ሰው ነው። በጡሩምባው ግን ይከበራል። የእድርተኛውን ስም ከነአያቱ፣ ማን ከማን እንደተጋባ፣ ማን ከማን እንደተኳረፈ፣ የማን ሞት ለማን ቀስ ተብሎ መነገር እንዳለበት ጠንቅቆ ያውቃል። እንዲህ የሚያስታውስ ሰው አንድ ጠዋት ብቻ ከራሱ ጠፍቶበት ኖረ። ያውም ልጁ ታዲዮስ የሞተበት ጠዋት።

ያን ክረምት ሚስቱ ፅጌ ለእናቷ ተዝካር ጎጃም ሄዳ ነበር። ጡት የምትጠባዋን ቤተልሄምን አዝላ ሄደች፤ ስምንት ዓመት የሞላውን ታዲዮስን፣ መንገዱ በዝናብ ተበላሽቷል ብላ ለአባቱ ተወችው። ልጁ ማታ ራሴን አለ፣ ትኩሳቱ ነደደ፣ ሲነጋ አለፈ። ማጅራት ገትር ነው ተባለ። ጋሽ አምሐ ሌላ ሰው ይለፍፍ ቢሉም ዱባለ «የልጄን ስም በሌላ ሰው አፍ አላሰማም» ብሎ ጡሩምባውን አንስቶ ወጣ። በየመታጠፊያው ቆሞ የገዛ ልጁን ሞት ለፈፈ። ይህን ሰፈሩ ሁሉ ያስታውሳል፤ እሱ ግን አያስታውስም። ማታ የልጁን ግንባር በእርጥብ ጨርቅ ሲጠርግ ትዝ ይለዋል፤ ከዚያ ቀጥሎ የሚያውቀው ጫማው ላይ የተጣበቀውን የመቃብር ጭቃ ነው። መሐሉ ባዶ ነው።

ፅጌ የደረሰችው ልጇ ከተቀበረ በኋላ ነው። ወንድሟ እንደ ወጉ «ዱባለን ትንሽ አሞታል» ብሎ አመጣት፤ በማግስቱ ማለዳ ሽማግሌዎች ተሰብስበው መርዶዋን አረዷት። ለቅሶው ሲቀዘቅዝ ባሏን ለብቻው አግኝታ «እንዴት ሆኖ ሄደ? ምን አለ?» ብላ ጠየቀችው።

«አላውቅም» አላት።

እናት እንዲህ ያለ መልስ አትቀበልም። አውቆ ደበቀኝ አለች በልቧ። በአፏ አንድ ቀን አልተናገረችውም፤ ግን ከሃያ ዓመት በላይ አብረው ሲበሉ፣ አብረው ሲተኙ፣ ቤተልሄምን ሲያሳድጉ ይህ ነገር በመሐላቸው ነበር።

ከጥቂት ዓመታት በፊት የዱባለ ቀኝ እጅ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ቀጥሎ ከንፈሩ። ፓርኪንሰን ይባላል አሉት። ኪኒኑ መጀመሪያ ረዳው፣ ኋላ ዋጋ አጣ። አንድ ማለዳ ጡሩምባውን ቢነፋው የግልገል ድምፅ አወጣና ትምህርት ቤት የሚሄዱ ልጆች ሳቁበት። ቤቱ ገብቶ አለቀሰ። ሰው የሚንቀውን ሥራ የሚወድ ሰው፣ ሥራውን ሲያጣ የሚያጽናናው እንኳ የለም።

ቤተልሄም አሁን ትልቅ ሴት ናት፤ ጦር ኃይሎች አካባቢ መድኃኒት ቤት ውስጥ ትሠራለች። ሐኪሞች አንጎል ውስጥ ቀጭን ሽቦ አስገብተው በኤሌክትሪክ መንቀጥቀጥ እንደሚያስቆሙ የሰማችው እዚያ ነው። አባቷን አስመዘገበች፤ ተራው ደረሰ። ራሱን ሲበሱት ነቅቶ ነበር። የምታክመው ሐኪም ሽቦው ትክክለኛው ቦታ መድረሱን ለማወቅ «አባባ፣ ዝም እንዳይሉ፣ የሚያውቋቸውን ሰዎች ስም ይጥሩልኝ» ስትለው፣ ሌላ ምን ያውቃል፣ የለፈፋቸውን ሟቾች በተርታ ጠራላት። ነርሶቹ ዘመዶቹ መስለዋቸው «ብዙ ወገን አላቸው» ተባባሉ። ሲጨርሱ ደረቱ ላይ ከቆዳው ሥር የክብሪት ቀፎ የምታህል ባትሪ ቀበሩለት። ሞባይል የመሰለች መቆጣጠሪያም ሰጡት፤ ሐኪሟ በወሰነችለት ልክ ኃይሉን ከፍና ዝቅ ያደርግባታል።

እጁ ረጋ፣ ከንፈሩ ጸና፣ ጡሩምባው እንደ ጥንቱ ጮኸ። ባለሱቁ ሀያቱ ብቅ ብሎ «አንተ ዱባለ! ድነሃል እኮ! አሁን ደግሞ ሥራ እንዳትፈታ እኛ እንሙትልህ?» ብሎ አሳቀው።

በሁለተኛው ቀጠሮ ሐኪሟ ኃይሉን ስትጨምር የላምባ ሽታ መጣበት። ክፍሉ ውስጥ ላምባ የለም። ነገራት፤ ቀነሰችው፤ ሽታው ጠፋ። እንደገና ስትጨምር እጁ ከመቼውም በላይ ረጋ፣ ሽታውም ተመለሰ፤ ከሽታው ጋር ቆርቆሮ ላይ የሚወርድ ዝናብ ተሰማው። ውጭ ፀሐይ ነበር። «አሁንስ የሚሸትዎት ነገር አለ?» አለችው። እጁን አየ። ብነግራት ትቀንሰዋለች ብሎ ፈራና «የለም፣ ደህና ነኝ» አለ።

በዚያው ሳምንት አንድ ማለዳ ጋሽ አምሐ ደወሉ። ባልቴቷ ወይዘሮ ወለተጻድቅ አርፈዋል፤ ቀብሩ ስድስት ሰዓት ነው። ዱባለ እሺ ብሎ ስልኩን ዘጋ፣ ካፖርቱን ደረበ። ውጭ ያካፋል። ጡሩምባውን ከሚስማሩ ሲያወርድ ላምባው ሸተተው። ከዚያ በኋላ የሆነውን ሲጠየቅ «እኔ አላሰብኩትም፤ ያ ጠዋት ራሱ መጣብኝ» ነው የሚለው።

የመጀመሪያው መታጠፊያ ላይ ቆሞ ነፋ። ድምፁ እንደዚያ ቀን ጠርቶ አያውቅም።

«እድርተኞች! የእድርተኛው የአቶ ዱባለ ልጅ፣ ታዲዮስ ዱባለ አርፏል! ቀብር ስድስት ሰዓት፣ መድኃኔዓለም! የቀረ ይቀጣል!»

በቅርቡ ወደ ሰፈሩ የገቡት ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ወጡ። ድንኳን የሚተክሉት ወጣቶች ብረቱን ተሸክመው ወደ ዱባለ ቤት ገሰገሱ። ነባሮቹ ግን በየደጃቸው ደርቀው ቀሩ። ሀያቱ ከሱቁ ወጥቶ «ያ አላህ! ይሄ ልጅ እኮ ቆይቷል» አለ፤ ለማን እንደሚናገርም አላወቀም። ዱባለ ግን ከመታጠፊያ መታጠፊያ እየሄደ ይለፍፋል፣ እንባው በጉንጩ ይወርዳል፣ እጁ አይንቀጠቀጥም። የያዘውና ያስቆመው አንድም ሰው አልነበረም። ደፋሩ ሁሉ ፈርቶ ነበር።

ፅጌ ግቢው በር ላይ ቆማ ሰማችው። የመጀመሪያውን ልፈፋ ያልሰማችው እናት፣ ሁለተኛውን ሙሉ በሙሉ ሰማች። አልጮኸችም። የድንኳኑን ብረት አራግፈው ግራ የተጋቡትን ወጣቶች «ተመለሱ ልጆቼ» አለቻቸው። «ልጄ ቢኖር የእናንተ ታላቅ ነበር።»

የወይዘሮ ወለተጻድቅ ልጆች ቀብሩ ላይ ሰው ስላነሰባቸው ተቀየሙ። የሰፈሩ ወሬኞችም «የቆጡን አወርድ ብሎ የብብቱን ጣለ» አሉ፤ እጁን አድናለሁ ብሎ ራሱን አጣ ማለታቸው ነው። ጋሽ አምሐ ቤቱ ድረስ መጥተው ብዙ ከተቁነጠነጡ በኋላ፣ «ዱባለ፣ ለጊዜው ጡሩምባው ይረፍ። አንተም እረፍ» አሉት። ዱባለ አልተከራከረም። ሐሳቡ እዚያ አልነበረም። ያ ባዶ የነበረው ጠዋት ሞልቶ ነበር፤ ልጁን አይቶታል።

ሐኪሟ አልተቆጣችም። የሽቦው ጫፍ ትዝታ ከሚያልፍበት መንገድ አጠገብ ሳይውል አይቀርም፣ ኃይሉ ሲበዛ ያንን መንገድ ይነካዋል፣ አልፎ አልፎ የሚያጋጥም ነገር ነው አለች። ከፍተኛውን ልክ ልትዘጋው ስትል ዱባለ ለመናት፤ መንቀጥቀጡ ሲብስብኝ ብቻ ነው የምነካው አላት። አመነችው።

«አንድ ነገር ግን ልንገርዎት አባባ» አለች። «ትዝታ ሳጥን ውስጥ እንደተቀመጠ ፎቶ አይደለም። አውጥተው እንደሚመልሱት ልብስ ነው፤ በመለሱት ቁጥር እንደ አዲስ ይታጠፋል፣ እጥፉም የበፊቱ አይሆንም። ደጋግመው አያውጡት።»

«እሺ ልጄ» አለ። ቤተልሄምም አጠገቡ ተቀምጣ ሰማች።

 ከቀናት በኋላ አንድ አመሻሽ ላይ ፅጌ ከፊቱ በርጩማ ስባ ተቀመጠች።

«ያን ጠዋት አየኸው?»

«አየሁት።»

«ሙሉውን?»

«ሙሉውን።»

«እንግዲያው ያኔ አላውቅም ያልከኝ እውነትህን ነበር?»

«እውነቴን ነበር ፅጌ።»

ያን ሁሉ ዓመት በከንቱ የጠረጠረችውን ሰው እጅ ይዛ አለቀሰች። ሲወጣላት ፊቷን ጠረገች፣ መቆጣጠሪያዋን ከጠረጴዛው ላይ አንስታ መዳፉ ላይ አደረገችለትና «ንገረኝ» አለችው።

ሐኪሟን ያስታውሳል፤ ቃል ገብቷል። የፅጌን ፊት ሲያይ ግን ቃሉ ቀለለበት። ከፍ አደረገው። ላምባው መጣ፣ ዝናቡ መጣ፣ ከዚያ አሮጌው ክፍላቸው፣ ከዚያ ልጁ። ዱባለ ዓይኑን ጨፍኖ የሚያየውን ይነግራታል።

«ሹራብ ለብሷል። የእኔን። እጅጌው ረዝሞበት ጣቶቹ አይታዩም።»

«የትኛውን ሹራብህን?»

«አረንጓዴውን። ክርኑ ላይ የጠቀምሽውን።»

«በየት በኩል ዞሮ ነው የተኛው?»

«በግድግዳው። አሁን ዞረ። ውሃ አለኝ። ሰጠሁት፤ ግማሹ አንገቱ ላይ ፈሰሰ።»

«ጠረግህለት?»

«ጠረግሁለት።»

ፅጌ ሌላ ሰው የሚሰለቸውን ዝርዝር ሁሉ ፈለገች፤ ብርድ ልብሱን፣ የከንፈሩን መድረቅ፣ ትንፋሹ እንዴት ያፏጭ እንደነበር። የራበው ሰው እንጀራ አይመርጥም። በማግስቱም ጠየቀችው። በማግስቱም። ከቀትር ጀምሮ ማምሻውን ትጠብቅ ጀመር፤ ፀጉሯን ትሠራለች፣ ቤቱን ትጠራርጋለች። ጎረቤት «ፅጌ ምነው አማረባት» አለ። ዱባለ ግን ከሳ። እሷ በየማምሻው ልጇን ታገኛለች፤ እሱ በየማምሻው ያጣዋል።

አንድ ነገር ደብቋት ነበር። ታዲዮስ አንድ ልማድ ነበረው፤ አባቱ ለልፈፋ ማለዳ በተነሳ ቁጥር ይባንንና «አባዬ፣ ማን ሞቶ ነው?» ይላል። ያን ጠዋትም ዱባለ ጨርቁን ሊያርስ ከአጠገቡ ሲነሳ ልጁ ዓይኑን ገለጠ። በዚያ እንቅልፍ በሚጎትተው ድምፁ «አባዬ፣ ማን ሞቶ ነው?» አለ። «ማንም አልሞተም። ተኛ ታዲ» አለው። ተኛ። ከዚያ ወዲያ አልተናገረም።

ዱባለ ይህ ቃል መጀመሪያ ሲመለስበት ሊያብድ ደርሶ ነበር። እየቆየ ግን ወደደው። የልጁ ድምፅ የተቀዳበት ካሴት የለም፣ ስልክም በዚያ ዘመን የሀብታም ነበር። ያ ድምፅ በዚህ ዓለም ላይ ያለው እሱ ራስ ውስጥ ብቻ ነው። ሌላውን ሁሉ ለፅጌ ሰጣት፤ ይህችን ግን ለራሱ አስቀራት። ለእናቱስ ቢሆን እንዴት ተብሎ ይነገራል?

ቤተልሄም አንድ ቀን ከሥራ ቀደም ብላ ስትገባ አባቷን በላብ ተጠምቆ፣ እናቷን ከፊቱ ተጎንብሳ አገኘቻቸው። መቆጣጠሪያዋን ነጠቀች።

«እማዬ፣ ሐኪሟ ደጋግማችሁ አታውጡት ብላለች! አባዬን እያየሽው አይደለም እንዴ? ይሄ እኮ ሬዲዮ አይደለም!»

«አንቺ ወንድምሽን አታውቂውም» አለች ፅጌ፣ ድምፅዋን ሳታነሳ። «እኔ ወልጄዋለሁ። ሲቀበርም አላየሁት።»

ቤተልሄም መቆጣጠሪያዋን መለሰችና ወደ ጓዳ ገብታ አለቀሰች።

ፅጌ ከመጀመሪያው ማምሻ ጀምሮ እየዞረች የምትመለስባት አንዲት ጥያቄ ነበረች። «ጠራኝ?» ትላለች። ዱባለ «ትኩሳት ላይ ነበር እኮ» ይላል፤ ወይም «ዛሬ በደንብ አልታየኝም» ይላል። በመጨረሻ መሸሻ አሳጣችው።

«ተወው፣ አትድከም» አለችው። «ትታኝ ሄደች ብሎ ነው የሞተው። ቤተልሄምን አዝዬ፣ እሱን ጥዬ። አንተ አዝነህልኝ ነው እንጂ እኔማ ድሮም አውቀዋለሁ።»

ይህን ስትል አልቅሳ ቢሆን ኖሮ ምናልባት ይችለው ነበር። አላለቀሰችም። የተፈረደባት ሰው ፍርዱን ደግማ እንደምትናገር ነበር የተናገረችው። ዱባለ ወደዳት፤ አሳዘነችው። ሰው በሚወደው ሰው ላይ እንዲህ ያለ ነገር ሲያይ እውነት ምን ይሠራለታል?

«ጠራሽ» አላት። «እማዬ አለ።»

ፅጌ አፏን በነጠላዋ ይዛ ተነሳች። በረንዳው ላይ ወጥታ ያለቀሰችው ለቅሶ ሀያቱ ሱቅ ድረስ ተሰማ፤ ዘግይቶ የመጣ፣ ግን የሚያሳርፍ ለቅሶ ነበር። በማግስቱ መድኃኔዓለም ሄዳ ጧፍ አበራች። ለጋሽ አምሐ ሚስት «ስሜን ጠርቶ ነው የሞተው» አለቻት፤ ለሀያቱ ሚስትም ነገረች። ሳምንት ሳይሞላ ሰፈሩ ሁሉ አወቀው፤ ያውም ያለ ጡሩምባ። ከዚያ ወዲህ ማምሻ ላይ በርጩማዋን አልሳበችም። ማታ ማታ እንቅልፍ ይወስዳታል፤ ከባሏ ጋርም ድሮ እንደነበሩት ያወራሉ፣ አንዳንዴም ይሳሳቃሉ።

ስንቅና ውሸት እያደር ይቀላል ይላሉ። ዱባለም ቀለለኝ ብሎ ነበር። መቆጣጠሪያዋን ዝቅ አድርጎ ትንሽ እየተንቀጠቀጠ ከረመ፤ የቤቱ ሰላም ካሳው። ግን ልጁ ናፈቀው። ያ ድምፅ ናፈቀው። አንድ ከሰዓት ፅጌ ገበያ ወጥታ ብቻውን ሲቀር፣ አንድ ጊዜ ብቻ ብሎ ከፍ አደረገው።

ላምባው መጣ። ዝናቡ መጣ። ልጁ አረንጓዴውን ሹራብ ለብሶ በግድግዳው በኩል ተኝቷል። ውሃ አለ፣ ጠጣ፣ አንገቱ ላይ ፈሰሰ። ዱባለ ጨርቁን ሊያርስ ተነሳ። ልጁ ዓይኑን ገለጠ። ዱባለ ትንፋሹን ዋጥ አድርጎ ጠበቀ።

ታዲዮስ አባቱን አላየውም። በትከሻው አሻግሮ በሩን አየና «እማዬ» አለ።

ዱባለ ዝቅ አደረገው። ትንሽ ቆየና እንደገና ከፍ አደረገው። ላምባ፣ ዝናብ፣ ሹራብ፣ ውሃ። «እማዬ።» ድምፁ የታዲዮስ ነው፣ እንቅልፍ የሚጎትተው ያ ድምፅ ነው፣ ቃሉ ግን ዱባለ ራሱ የሰጠው ቃል ነው። እንደገና ሞከረ። «ታዲ፣ ማን ሞቶ ነው በለኝ» ብሎ ጮክ ብሎ ለመነው፣ ባዶ ክፍል ውስጥ። «አባዬ በለኝ እስቲ። አንድ ጊዜ።» ልጁ በሩን ያያል። ዱባለ ያ ጥያቄ መጠየቁን ያውቃል፤ ሰፈሩ ሲነግረው የኖረውን የመጀመሪያ ልፈፋውን ድሮ ያውቅ እንደነበረው፣ በወሬ ብቻ ያውቀዋል። አይሰማውም ግን።

በሩ ተከፈተ። ፅጌ ዘንቢሏን ይዛ ገባች፤ ወንበሩ ላይ በላብ ተጠምቆ፣ መቆጣጠሪያዋን ጨብጦ አየችው። ዘንቢሉን አስቀመጠችና አጠገቡ ተንበረከከች። ፊቷ በራ።

«አየኸው እንዴ? ምን አለ ዛሬ?»

ዱባለ ቀና ብሎ አያት።

«አንቺን ይጠራል» አላት፤ በዚህ ጊዜ አልዋሸም።